«ልጄ 18 ሊሞላው ነው፤ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ቤት ሊቀር ነው?»

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። በዲቪ ከመጣን ስድስት ዓመት አለፈን። የመጀመሪያ ልጃችን 17 ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም አለበት። የሚናገረው ጥቂት ቃል ነው፤ የሚፈልገውን ግን በታብሌቱ እየነካ ያሳየናል። 11ኛ ክፍል ነው። ባለፈው የአይኢፒ (የልዩ ትምህርት ዕቅዱ) ስብሰባ ላይ 18 ሲሞላው መብቱ ከእኛ ወደ እሱ እንደሚዛወር ነገሩኝ። በሚቀጥለው ዓመት እንደሚመረቅም ተነሳ። የምታስተረጉምልኝ የ14 ዓመት ልጄ ስለሆነች ሁሉም በደንብ አልገባኝም። አንዲት ጓደኛዬ ‹ቶሎ ፍርድ ቤት ሄደሽ ጋርዲያንሺፕ (ሞግዚትነት) ካላወጣሽ በልጅሽ ጉዳይ ማንም አይሰማሽም› ብላኛለች። ከተመረቀ በኋላ ቤት ሊቀመጥ ነው? እኛ ስናልፍስ? ከየት ልጀምር?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ምረቃውም፣ ስለ ፍርድ ቤቱም፣ እናንተ ስታልፉ ስለሚሆነውም እመልሳለሁ። በቅድሚያ ግን እርስዎ ያላነሱትን አንድ ነገር ላንሳ፤ ቀኑ እየሮጠ ያለው በእሱ ላይ ነው።

እርስዎ ወይም ባለቤትዎ የአሜሪካ ዜግነት ወስዳችኋል?

በዲቪ የመጣ ሰው ግሪን ካርድ ይዞ አምስት ዓመት ሲሞላው ለዜግነት ማመልከት ይችላል። እናንተ ስድስት አልፏችኋል። ከ2001 ጀምሮ የሚሠራ አንድ ሕግ አለ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጽፈው)። ግሪን ካርድ ያለው ልጅ 18 ሳይሞላው ከወላጆቹ አንዱ ዜጋ ከሆነ፣ ልጁም አሜሪካ ውስጥ ከዚያ ወላጅ ጋር የሚኖር ከሆነ፣ ልጁ ወዲያው ዜጋ ይሆናል። ፈተና የለበትም። መሐላም የለበትም። ሁለታችሁም ዜጋ መሆን አያስፈልጋችሁም፤ አንዳችሁ ትበቃላችሁ። የሚታየው ግን ማመልከቻ ያስገባችሁበት ቀን ሳይሆን መሐላ የፈጸማችሁበት ቀን ነው። ልደቱ ካለፈ በኋላ ብትምሉ ለእሱ አይደርሰውም።

ከ18 በኋላ በራሱ ስም ማመልከት ይኖርበታል። የእንግሊዝኛውንና የታሪኩን ፈተና መውሰድ ለማይችል ሰው ሐኪም የሚሞላው ኤን-648 የሚባል ቅጽ አለ። መንገዱ ዝግ አይደለም። ግን ረጅም ነው፤ ሐኪሙ በደንብ ካላብራራውም ተቀባይነት ያጣል። ይህን ሁሉ የሚያስቀር ዕድል አሁን በእጃችሁ ነው። ማመልከቻው ወራት ስለሚወስድ ከሁለታችሁ እንግሊዝኛው የሚቀለው ሰው በዚህ ሳምንት ያስገባ። ገቢያችሁ ዝቅ ያለ ከሆነ የክፍያ ቅናሽ ጠይቁ። ልጁ ዜጋ ሲሆን ፓስፖርት አውጡለት፤ ማስረጃው እሱ ነው።

ዜግነቱን ያስቀደምኩት ወደ ኋላ ከምነግርዎ የገንዘብ ድጋፍ ጋር ስለሚያያዝ ነው። ኤስኤስአይ የሚባለው፣ መንግሥት ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ አካል ጉዳተኛ የሚሰጠው ወርሃዊ ክፍያ ለዜጋ ክፍት ነው። ለግሪን ካርድ ባለቤት ግን አብዛኛውን ጊዜ 40 የሥራ ሩብ ዓመት (አሥር ዓመት ያህል ሥራ) ይጠይቃል። የወላጆች ሥራ ለልጁ ሊቆጠርለት ይችላል፤ ቢሆንም ብዙ ክርክርና ብዙ ወረቀት አለው።

አሁን ወደ ጥያቄዎ።

አንድ ልዩነት ይያዙልኝ፤ የቀረው ምክሬ ሁሉ የሚመነጨው ከእሱ ነው። ልጅዎ ትምህርት ቤት እስካለ ድረስ የሚያገኘው ልዩ ትምህርት፣ የንግግር ሕክምና፣ አውቶቡስ፣ የሥራ ልምምድ መብቱ ነው። የፌዴራሉ ሕግ ከ1975 ጀምሮ ያስገድዳል። ትምህርት ቤቱ «በጀት የለንም» ወይም «ወረፋ ይጠብቁ» ሊልዎት አይችልም። ከትምህርት ቤት ሲወጣ ግን ይህ መብት ያበቃል። ከዚያ በኋላ የሚያገኘው ነገር ሁሉ በማመልከቻ፣ በመመዘኛና በወረፋ ነው። ቢሮው ይለያያል፣ ቅጹ ይለያያል፣ ማንም ቤትዎ መጥቶ አይፈልግዎትም።

ስለዚህ ሁለት ነገር አብሮ መሄድ አለበት። ከትምህርት ቤቱ ለመውጣት አትቸኩሉ፤ ወረፋዎቹ ላይ ደግሞ ዛሬውኑ ተሰለፉ። ብዙ ቤተሰብ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። በምረቃው ደስ ብሎት ይወጣል፣ ከዚያ በመስከረም ልጁ ሶፋ ላይ ሲቀመጥ መጠየቅ ይጀምራል።

18 መሙላት የትምህርት ማብቂያ አይደለም። በቨርጂኒያ አንድ የልዩ ትምህርት ተማሪ ሴፕቴምበር 30 ላይ 22 ዓመት ካልሞላው ያንን የትምህርት ዓመት የመማር መብት አለው። ልጅዎ ገና አራት ዓመት ገደማ ሊኖረው ይችላል። ይህን መብት የሚቆርጠው ዕድሜው ብቻ አይደለም፤ የሚቀበለው ዲፕሎማም ይቆርጠዋል። ስታንዳርድ ወይም አድቫንስድ የሚባለውን ዲፕሎማ ከተቀበለ መብቱ እዚያው ያልቃል። አፕላይድ ስተዲስ የሚባለውን ከተቀበለ ግን እስከ ዕድሜ ገደቡ መመለስ ይችላል። ስብሰባው ላይ «ይመረቃል» ሲሉዎት መጠየቅ ያለብዎት ይህን ነው፦ የትኛውን ዲፕሎማ ነው የሚቀበለው? በሚቀጥለው መስከረምስ ይመለሳል?

ጋዋን ለብሶ ከእኩዮቹ ጋር መድረክ ላይ መውጣቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች በሥነ ሥርዓቱ ተካፍሎ በመስከረም እንዲመለስ ይፈቅዳሉ። ይጠይቋቸው። ፎቶ አንሱት፣ ዘመድ ጥሩ፣ ድግሱንም ደግሱ። ከዚያ ይመለስ።

ጉልበቱ ያለው በሚቀሩት ዓመታት ነው። ሕጉ ልጁ 16 ሲሞላው አይኢፒው ውስጥ የሽግግር ዕቅድ እንዲገባ ያዛል፤ ቨርጂኒያ በ14 ነው የምትጀምረው። ልጅዎ 17 ስለሆነ ዕቅዱ መኖር አለበት። አውጥተው ያንብቡት። ብዙ ጊዜ የማየው ዕቅድ አንድ መስመር ነው፦ «ተማሪው ስለ ሥራ ዓይነቶች ይማራል።» ይህ ለማንም ልጅ ሊጻፍ ይችላል። ዕቅዱ ከትምህርት በኋላ ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚሠለጥን፣ ካስፈለገም እንዴት እንደሚኖር የሚለካ ግብ ሊኖረው ይገባል። ግቡ ደግሞ ከልጁ ፍላጎትና ችሎታ ግምገማ መውጣት አለበት። ልጅዎ ምን ይወዳል? ዕቃ መደርደር ይወዳል? ውኃ ይወዳል? ጩኸት ያስመርረዋል? እነዚህን ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ጽፈው ይሂዱ።

ልጁም ስብሰባው ላይ መጋበዝ አለበት፤ ይህም የሕጉ ትእዛዝ ነው። «አይገባውም» ብለው ቤት አይተዉት። ታብሌቱን ይዞ ይግባ። ከመምህሩ ጋር ሆናችሁ አስቀድማችሁ ፎቶዎች አዘጋጁለት፦ የልብስ ማጠቢያ፣ ሱፐርማርኬት፣ የአትክልት ቦታ፣ ቢሮ። የሚወደውን ይንካ። ሁለት ደቂቃ ቢፈጅም በዚያ ክፍል ውስጥ ስለ እሱ የሚነገረውን ይቀይረዋል። ይህን ስል ከልብ ነው። ስለ አንድ ወጣት እሱ ሳይኖር ማውራትና እሱ እያየ ማውራት በጭራሽ አንድ አይደሉም።

ስለ ትርጉሙ አንድ ነገር ልበል፤ ጥያቄዎ ውስጥ በጣም ያሳሰበኝ እሱ ነው። የ14 ዓመት ልጅዎን ከዚህ ሥራ ያሳርፏት። ትምህርት ቤቱ በነጻ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። በአሌክሳንድሪያና በፌርፋክስ አማርኛ የተለመደ ነው፤ ብርቅ ነገር እየጠየቁ አይደለም። ከስብሰባው ከሳምንት በላይ ቀደም ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ኢሜይሉ አንድ መስመር ይበቃዋል። ቀኑ ደርሶ አስተርጓሚ ከሌለ ስብሰባው ይዛወርልኝ ይበሉ። ሳይገባዎት አይፈርሙ። ቨርጂኒያ ውስጥ ለአይኢፒው የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ወረቀቱን ወደ ቤት ወስደው ማንበብ ይችላሉ። እህትየው ለወንድሟ እህት ትሁን። የሕክምና ሪፖርት፣ የባሕርይ ችግር፣ «ይህን አይችልም፣ ያንን አይችልም» የሚለውን ሁሉ በእሷ አፍ ማስተላለፍ ለልጅ ከባድ ሸክም ነው።

ወደ ጋርዲያንሺፕ ልምጣ። ጓደኛዎ የነገረችዎት በቅን ልብ ነው፣ ግን ግማሹ ብቻ ነው እውነቱ።

እውነት የሆነው ይህ ነው፦ 18 ሲሞላው በሕግ ፊት አዋቂ ነው። ሐኪሙ ያለ እሱ ፈቃድ ለእርስዎ መረጃ የመስጠት ግዴታ የለበትም። ባንክም እንደዚያው። በቨርጂኒያ የልዩ ትምህርት መብቱም ወደ እሱ ይዛወራል። ጋርዲያንሺፕ ይህን የሚመልስ አንድ መንገድ ነው። ሰርኪዩት ኮርት ወደሚባለው ፍርድ ቤት ይኬዳል፣ ዳኛው ለልጁ ጥቅም የሚቆም ጠበቃ ይመድባል፣ ገንዘብ ይወጣል፣ ከዚያም በየዓመቱ ለማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ ሪፖርት ይቀርባል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ልጅዎ ስለ ራሱ መወሰን የማይችል ሰው ተብሎ ይመዘገባል። በቨርጂኒያ እንዲህ የተባለ ሰው የመምረጥ መብቱን ጭምር ያጣል። አንዴ ከተሰጠ በኋላ ማስነሳቱ ቀላል አይደለም።

ጓደኛዎ ያልነገረችዎት ደግሞ አብዛኛው ስጋትዎ ፍርድ ቤት ሳይኬድ የሚፈታ መሆኑን ነው። ለትምህርቱ፦ ሁለት ባለሙያዎች ልጁ ለአይኢፒ የሚያስፈልገውን ፈቃድ መስጠት እንደማይችል በጽሑፍ ካረጋገጡ፣ የትምህርት ወረዳው እርስዎን የትምህርት ተወካዩ አድርጎ ሊሾም ይችላል። ቅጹን ከአሁኑ ይጠይቁ። ለኤስኤስአይ፦ ሶሻል ሴኩሪቲ ራሱ ገንዘቡን የሚቀበል ተወካይ ይሰይማል፤ የፍርድ ቤት ወረቀት አይጠይቅም። ለሕክምና፦ ሕመምተኛው መወሰን ካልቻለ የቨርጂኒያ ሕግ በቅደም ተከተል ከዘረዘራቸው ሰዎች ውስጥ ወላጅ አለ። ልጁ የሚስማማውን መግለጽ ከቻለ ደግሞ መረጃው ለእርስዎ እንዲሰጥ የሚፈቅድ ቅጽ ከሐኪሙ ቢሮ መሙላት ይቻላል።

ከዚህ ሌላ በድጋፍ መወሰን የሚባል መንገድ አለ። ወጣቱ የሚያምናቸውን ሰዎች ይመርጣል። እነሱ ያብራሩለታል፣ አማራጭ ያሳዩታል፣ ሐኪም ቤት አብረውት ይሄዳሉ። ውሳኔው ግን የእሱ ሆኖ ይቀራል። ቨርጂኒያ በ2021 እንዲህ ያለውን ስምምነት በሕግ አውቃለች። መንገዱን የከፈተችው ጄኒ ሃች የምትባል፣ ዳውን ሲንድረም ያለባት የዚሁ ስቴት ልጅ ናት። ቤተሰቧ ጋርዲያን ጠየቁባት፤ ግሩፕ ሆም (የአካል ጉዳተኞች የጋራ መኖሪያ) ገባች። እሷ ግን መኖር የፈለገችው ከምትሠራበት ሱቅ ባለቤቶች ጋር ነበር። ራሷ እየደጋገመች ይህንኑ ተናገረች። በ2013 ኒውፖርት ኒውስ ያለው ፍርድ ቤት ሰማት። የመረጠቻቸውን ሰዎች ለአንድ ዓመት ብቻ፣ በተወሰነ ሥልጣን ጋርዲያን አድርጎ፣ በዚያ ዓመት ውስጥ በድጋፍ መወሰን እንድትለምድ አዘዘ። ያኔ 29 ዓመቷ ነበር። ጉዳዩ አገር አቀፍ ሆነ፤ ብዙ ስቴቶች ከዚያ በኋላ ሕጋቸውን አሻሻሉ።

ልጅዎ ከጄኒ ያነሰ ይናገራል። ስለዚህ «ጋርዲያንሺፕ በፍጹም አያስፈልግም» አልልዎትም። ትልቅ ቀዶ ሕክምና ቢመጣ፣ የሚበዘብዘው ሰው ቢገኝ፣ ራሱን አደጋ ላይ የሚጥል ከሆነ ሊያስፈልግ ይችላል። ያኔም ዳኛው ሥልጣኑን በሕክምና ብቻ፣ ወይም በገንዘብ ብቻ እንዲወስነው፣ የመምረጥ መብቱንም እንዲጠብቅለት መጠየቅ ይቻላል። እኔ የምለው የመጨረሻው አማራጭ ይሁን ነው። ፍርሃት ተሸክሞ በልደቱ ሳምንት የሚኬድበት ቦታ አይደለም። እኔ ጠበቃ ስላልሆንኩ እዚያ ደረጃ ከደረሱ የሕግ ሰው ያማክሩ። የቨርጂኒያ የአካል ጉዳተኞች የሕግ ማዕከልና ኖርዘርን ቨርጂኒያ ያለው ዘ አርክ የሚባለው የአካል ጉዳተኞች ድርጅት ጥሩ መነሻ ናቸው።

አሁን ወረፋዎቹ።

ትልቁ ሜዲኬይድ ዌቨር የሚባለው፣ በመንግሥት የጤና መድን (በሜዲኬይድ) በኩል የሚሰጥ ድጋፍ ነው። ሥራ ላይ አብሮት የሚቆም ሰው፣ ቀን የሚውልበት ፕሮግራም፣ ቤት ውስጥ የሚረዳው፣ ከፈለገም ከእናንተ ውጭ የሚኖርበት ድጋፍ፣ ይህ ሁሉ ለአዋቂ የሚከፈለው በብዛት በዌቨር ነው። በቨርጂኒያ የእድገት እክል ላለባቸው ሰዎች ሦስት ዓይነት አለ። የሚታየው የልጁ ገቢ እንጂ የእናንተ አይደለም፤ «እኛ ሁለት ሥራ ስለምንሠራ አይሰጡንም» ብላችሁ አትቅሩ። የሚመዘገበው ኮሚዩኒቲ ሰርቪስስ ቦርድ በሚባለው የከተማችሁ ቢሮ ነው፤ አሌክሳንድሪያ የራሷ አላት።

ወረፋው ረጅም ነው። ብዙ ሰው ያላወቀው ግን ወረፋው በቀን ቅደም ተከተል ብቻ እንደማይሄድ ነው። ሦስት የቅድሚያ ደረጃዎች አሉ፤ ቀድሞ ዌቨሩን የሚያገኘው ችግሩ የከፋው ነው። እዚህ ላይ የእኛ አገር ሰው ራሱን ይጎዳል። ሠራተኛዋ መጥታ «ልጁ እንዴት ነው?» ስትል እናት «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው፤ ጎበዝ ልጅ ነው» ትላለች። ሌሊት ተነስቶ በር እንደሚከፍት አትናገርም። ገላውን የምታጥበው እሷ እንደሆነች አትናገርም። የልጅን ገመና ለባዕድ ማውጣት ነውር ይመስለናል፤ ማማረርም አምላክን ማማረር ይመስለናል። እዚያ ወረቀት ላይ የሚጻፈው ግን «ደህና ነው» የሚለው ቃል ነው፤ ልጁም መጨረሻው ደረጃ ላይ ይቀመጣል።

እህቴ፣ ያን ቀን እውነቱን ሁሉ ይናገሩ። ከዚያ በፊት ለአንድ ሳምንት ማስታወሻ ይያዙ፦ ስንት ጊዜ ተነሳ፣ ምን ረዳችሁት፣ ማን ከሥራ ቀረ፣ ወገብዎን ያመመዎት መቼ ነው። የቤታችሁ ሁኔታ ሲለወጥ፣ ለምሳሌ አንዳችሁ ብትታመሙ ወይም ሥራ ብታቆሙ፣ ደውለው እንደገና ይመዘን ይበሉ። አድራሻ ሲቀይሩ ያሳውቁ። ደብዳቤ ሳይመልሱ ቀርተው ከወረፋው የወጡ ቤተሰቦች አሉ።

ሁለተኛው ዳርስ በሚል አጭር ስም የሚጠራው የስቴቱ መሥሪያ ቤት ነው፤ ሥራው አካል ጉዳተኞችን ለሥራ ማዘጋጀትና ሥራ ማስገኘት ነው። የ2014ቱ የፌዴራል ሕግ ገና ትምህርት ላይ ላሉት አስቀድሞ እንዲያገለግል ያስገድደዋል። የዳርስ ሰው ወደሚቀጥለው አይኢፒ ስብሰባ እንዲጋበዝ ይጠይቁ።

ሦስተኛው ኤስኤስአይ ነው። 18 ሳይሞላው የወላጅ ገቢ ስለሚቆጠር ብዙ ልጆች ተከልክለዋል። 18 ሲሞላው የእናንተ ገቢ ከስሌቱ ይወጣል። ስለዚህ በፊት «አይገባውም» ቢባል እንኳ ልደቱ ባለፈበት ወር እንደገና ያመልክቱ። በ2025 ከፍተኛው የፌዴራል ክፍያ በወር 967 ዶላር ነበር። እናንተ ቤት በነጻ ከኖረ እስከ አንድ ሦስተኛው ይቀነሳል። የድርሻውን ኪራይ የሚከፍል ከሆነና ይህንንም በጽሑፍ ካሳያችሁ ግን ሙሉውን ሊያገኝ ይችላል። «ከገዛ ልጄ ኪራይ ልቀበል?» የሚሉ እናቶች አሉ፤ ስሜቱ ይገባኛል። ግን ብሩ ተመልሶ ለእሱ ምግብና መብራት ነው የሚውለው።

ኤስኤስአይ ጠንካራ ገደብ አለው። በልጁ ስም ከ2,000 ዶላር በላይ መኖር የለበትም። በልጅ ስም የባንክ ደብተር ከፍቶ ማጠራቀም፣ አገር ቤት በልጅ ስም ቦታ መግዛት የእኛ ወግ ነው፤ ለዚህ ልጅ ግን ይጎዳዋል። በእሱ ፈንታ ኤብል የሚባል፣ ለአካል ጉዳተኞች የተፈቀደ የቁጠባ ሂሳብ ይክፈቱለት። በዚያ ውስጥ እስከ 100,000 ዶላር ቢጠራቀም ለኤስኤስአይ አይቆጠርበትም። ቨርጂኒያ የራሷ ፕሮግራም አላት። ሌላው ደግሞ፣ ክረምቱን አገር ቤት ይዛችሁት የምትሄዱ ከሆነ 30 ተከታታይ ቀን ከአሜሪካ ውጭ ከቆየ ክፍያው ይቆማል። ሲመለስም እንዲቀጥል 30 ቀን እዚህ መቆየት አለበት። ትኬቱን ከመቁረጣችሁ በፊት አስቡበት።

«ቤት ሊቀመጥ ነው?» ላሉት መልሴ፣ መቀመጥ የለበትም ነው። ይህን የምለው ለማጽናናት አይደለም። ፕሮጀክት ሰርች የሚባል ፕሮግራም በ1996 ሲንሲናቲ ውስጥ ባለ የሕፃናት ሆስፒታል ተጀመረ። ተማሪዎቹ የመጨረሻ የትምህርት ዓመታቸውን በሙሉ ሥራ ቦታ ላይ፣ ብዙ ጊዜ ሆስፒታል ውስጥ፣ ክፍል እየቀያየሩ ይለማመዳሉ። አልጋ ያነጥፋሉ፣ የሕክምና ዕቃ ይደረድራሉ፣ ወጥ ቤት ይሠራሉ። ቨርጂኒያ ውስጥ ሪችመንድ አካባቢ ኦቲዝም ባለባቸው ወጣቶች ላይ ጥናት ተደርጎ በ2014 ታትሟል። ፕሮግራሙን ከወሰዱት 24 ወጣቶች 21ዱ ሥራ አገኙ። ካልወሰዱት 16ቱ ግን ያገኘው አንድ ነው። ጥናቱ ትንሽ ነው። ቢሆንም ልዩነቱን ያመጣው የወጣቶቹ ችሎታ አልነበረም፤ እውነተኛ ሥራ ቦታ ላይ፣ ከሚረዳ ሰው ጋር፣ በቂ ጊዜ ማግኘታቸው ነው። በአካባቢያችሁ እንዲህ ያለ ዕድል መኖሩን ትምህርት ቤቱንና ዳርስን ይጠይቁ። ፌርፋክስ ውስጥም ከ18 በኋላ ያሉ ተማሪዎች የሚሠለጥኑባቸው ዴቪስና ፑሊ የሚባሉ የሙያ ማዕከሎች አሉ።

ከመመረቁ በፊት አንድ የሚከፈልበት ሥራ ይሞክር፤ በሳምንት ጥቂት ሰዓትም ቢሆን። ትምህርት ላይ እያሉ ደመወዝ ያገኙ ወጣቶች በኋላም ሥራ የማግኘት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። እዚህ ላይ የእኛ ማኅበረሰብ ያለውን ሀብት አልተጠቀምንበትም። ቤይሊስ ክሮስሮድስና አካባቢው በኢትዮጵያውያን ሱቅና ምግብ ቤት የተሞላ ነው። እንጀራ የሚያሽግ፣ መደርደሪያ የሚሞላ፣ በርበሬ በከረጢት የሚያደርግ ሰው ይፈልጋሉ። ባለቤቱን ያውቁታል፤ በእድር ወይም በቤተ ክርስቲያን ትገናኛላችሁ። ሂዱና ጠይቁ። «እባክህ ለነፍስህ» እያላችሁ ግን አይደለም። ልጁ የሚችለውን ሥራ አሳዩት፣ አሠልጣኝ ከትምህርት ቤቱ ወይም ከዳርስ ሊመጣ እንደሚችል ንገሩት፣ ደመወዙም በሕጉ ይሁን።

ሥራ ካገኘ ኤስኤስአዩ ወዲያው አይቋረጥም። ከደመወዙ መጀመሪያ የተወሰነ ዶላር ይተዋል፣ ከቀረው ግማሹ ብቻ ይቆጠራል፤ ከ22 ዓመት በታች ተማሪ ከሆነ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ይተውለታል። የምታገኙትን ግን በየወሩ አሳውቁ፤ አለዚያ «ያለ አግባብ የተከፈለ» ተብሎ ገንዘቡን እንድትመልሱ ትጠየቃላችሁ።

ስለ ኮሌጅ አልጠየቁኝም። ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ለእንደ እሱ ዓይነት ወጣቶች የሚሆን ሜሰን ላይፍ የሚባል ፕሮግራም እንዳለው ብቻ ይወቁ።

ከቢሮው ሁሉ በላይ የሚሠራው ግን ቤት ውስጥ ነው። እናት ስለምትወደው ታጎርሰዋለች፣ ጫማውን ታስርለታለች፣ ካልሲውን ትመርጥለታለች። ቶሎ ያልቃል፣ ሁሉም በሰዓቱ ይወጣል። በ17 ዓመቱ ግን የሚያስፈልገው ጊዜ መስጠት ነው። ቁርሱን ከሁለት ነገር ይምረጥ። ልብሱን ማጠቢያው ውስጥ ራሱ ይክተት፣ ሲሳሳት ይሳሳት። የአሌክሳንድሪያ ዳሽ አውቶቡስ ከ2021 ጀምሮ ነጻ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አብራችሁ ውጡ፣ አንድ መስመር ይልመድ፣ መውረጃውን እሱ ያሳይ። ገላውን መታጠብን፣ በር መዝጋትን፣ ሰው ሲነካው «አይሆንም» ማለትን ያስተምሩት። ይህን የመጨረሻውን ማንሳት አሳፋሪ አይደለም። ሰውነቱ የአዋቂ ሆኗል፤ ማን መንካት እንደሚችልና እንደማይችል የማያውቅ ወጣት በቀላሉ ይጠቃል። «አይሆንም» የሚለው ቁልፍ ታብሌቱ ላይ መኖሩን ዛሬ ማታ ይዩ።

እናንተ ስታልፉስ? ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ ወላጅ አላየሁም። ሦስት ነገር ልንገርዎት። አንደኛ፣ ጉዳቱ ከ22 ዓመት በፊት መጀመሩ ከተረጋገጠ፣ ከእናንተ አንዳችሁ ጡረታ ስትወጡ ወይም ስታርፉ ልጁ በወላጁ የሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ክፍያ ሊያገኝ ይችላል። ወላጅ በሕይወት ሳለ እስከ ግማሽ፣ ካለፈ በኋላ እስከ 75 በመቶ ነው። ስለዚህ የሕክምናና የትምህርት ወረቀቶቹን አንዱንም አይጣሉ። በካሽ የሚሠራ ሥራም እዚህ ላይ ይጎዳል፤ ያልተመዘገበ ደመወዝ ለልጁም አይቆጠርም። ሁለተኛ፣ የሕይወት ኢንሹራንሳችሁ ላይ ወራሽ ብላችሁ የእሱን ስም ጽፋችሁ ከሆነ ቀይሩት። ገንዘቡ በእጁ ሲገባ ኤስኤስአዩንና ሜዲኬይዱን ያስቆምበታል። ለአካል ጉዳተኛ ተብሎ የሚቋቋም ትረስት (ገንዘቡን ሌላ ሰው ለእሱ የሚያስተዳድርበት አደራ) አለ፤ ዘ አርክ በዚህ ላይ የቆየ ልምድ አለው።

ሦስተኛው እህቱ ናት። «አንቺ አለሽለት» እያላችሁ አታሳድጓት። የወንድሟን ነገር ታስብ፣ ትጠይቀው፣ ትውደደው። ነገር ግን ዌቨሩን፣ ትረስቱን፣ ሥራውን የምታመቻቹት እሷ ሕይወቷን ትታ ብቸኛ ተንከባካቢው እንዳትሆን ነው። ለሚቀጥለው ስብሰባ አስተርጓሚ የሚጠይቀውን ኢሜይል ስትልኩ ለእሷም ንገሯት። ያን ቀን ክፍሏ ገብታ ትማር።